መድረስና መብሰል፦ የሐብሐብ፣ የሜሎንና የሌሎች ፍራፍሬዎች ድኅረ ምርት አያያዝ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ፍራፍሬ ከተለቀመ በኋላ ለብክነት ከሚዳረግባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ፍሬ ሁሉ ከተክሉ ከተለየ በኋላ በአንድ ዓይነት መንገድ ይበስላል ተብሎ መታሰቡ ነው። ይህ ጽሑፍ በፍሬ መድረስና በፍሬ መብሰል መካከል ያለውን ልዩነት መነሻ አድርጎ፣ ልዩነቱ ሙዝ፣ ሐብሐብና ሜሎን ከማሳ እስከ ገበታ በሚያደርጉት ጉዞ ላይ የሚያስከትለውን ተግባራዊ ውጤት ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የመልቀሚያው ጊዜ፣ የማከማቻው ሙቀት፣ አብሮ የሚቀመጠው ምርትና የአዘገጃጀቱ ጥንቃቄ ሁሉ የሚወሰኑት ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሊያደርግ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ በማወቅ ነው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ድኅረ ምርት፣ መድረስ፣ መብሰል፣ ኤቲሊን፣ የቅዝቃዜ ጉዳት፣ የምግብ ደኅንነት

1. መግቢያ

ሐብሐብ የሚገዛ ሰው ፍሬውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ሲያዳምጥ ማየት የተለመደ ነው። ገዢው ከተጠራጠረ ሻጩ «ሁለት ሦስት ቀን ቤት ያስቀምጡት፣ ይበስላል» ብሎ ሊያግባባው ይችላል። ይህ ምክር ለሙዝ፣ ለማንጎና ለአቮካዶ ትክክል ነው። ለሐብሐብ ግን ስህተት ነው፤ ስኳሩ ሳይሞላ ከሐረጉ የተቆረጠ ሐብሐብ ሳምንት ቢቀመጥ ይሟሽሽ እንደሆነ እንጂ አይጣፍጥም።

በዚህ ቀላል በሚመስል ስህተት የሚከስረው ገዢው ብቻ አይደለም። ነጭ ሥጋ ያለው ሐብሐብ የገጠመው ሸማች በሚቀጥለው ጊዜ ከመግዛት ይቆጠባል። ቸርቻሪው ያልተሸጠውን ይጥላል። ኪሳራው ዞሮ ዞሮ በዝቅተኛ ዋጋ መልክ ወደ አምራቹ ይመለሳል። ከፍሬው ጋር አብሮ የሚጣለውም የመስኖ ውኃ፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅና የሰው ድካም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከምርት መሰብሰብ በኋላ የችርቻሮ ገበያ ከመድረሱ በፊት እንደሚጠፋ ገምቷል፤ በአትክልትና ፍራፍሬ ዘርፍ ደግሞ ግምቱ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ይህ በገበያና በቤት ውስጥ የሚጣለውን አይጨምርም።

የአትክልትና ፍራፍሬ ልማት ሲነሣ ትኩረቱ በአብዛኛው በዘር፣ በመስኖና በተባይ ቁጥጥር ላይ ያርፋል። ፍሬው ከተለቀመበት ሰዓት እስከሚበላበት ሰዓት ያሉት ቀናት ግን ከዚያ ያላነሰ እውቀት ይጠይቃሉ። የተለቀመ ፍሬ የሞተ ነገር አይደለም፤ ይተነፍሳል፣ ሙቀት ያመነጫል፣ ውኃ ያጣል፣ ይለወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ በየፍሬው ዓይነት እንዴት እንደሚለያይ ማሳየትና ከዚያ የሚመነጨውን አያያዝ ማብራራት ነው።

2. ደረሰ ማለት በሰለ ማለት አይደለም

አማርኛ ለጉዳዩ የሚያስፈልጉትን ሁለት ቃላት አስቀድሞ ይዟል። ሰብል «ደረሰ» ሲባል እድገቱን ጨርሶ ለመሰብሰብ ብቁ ሆነ ማለት ነው። ፍሬ «በሰለ» ሲባል ደግሞ ለመበላት ተዘጋጀ፤ ለሰለሰ፣ ጣፈጠ፣ መዓዛ አወጣ ማለት ነው። በድኅረ ምርት ሳይንስም ሁለቱ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። መድረስ ምንጊዜም በተክሉ ላይ የሚከናወን ሲሆን፣ መብሰል ግን እንደ ፍሬው ዓይነት በተክሉ ላይ ወይም ከተክሉ ከተለየ በኋላ ሊከናወን ይችላል።

የዚህ ልዩነት ሳይንሳዊ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ኪድና ዌስት የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የፖም ፍሬን አተነፋፈስ ሲለኩ፣ ፍሬው ሊበስል ሲል የትንፈሳው ፍጥነት በድንገት ከፍ ብሎ ቆይቶ እንደሚወርድ አስተዋሉ። ይህን ባሕርይ የሚያሳዩ ፍሬዎች ክላይማክቴሪክ ይባላሉ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ቲማቲም፣ ፖምና መረብ መሰል ልጣጭ ያለው ሜሎን የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በሚገባ ደርሰው ከተለቀሙ ከተክሉ ተለይተውም መብሰል ይችላሉ። በሌላ በኩል ሐብሐብ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ አናናስ፣ ወይንና እንጆሪ ይህ የትንፈሳ ግሽበት የላቸውም። የተለቀሙበት ዕለት የነበራቸው ጣዕም ከዚያ በኋላ አይሻሻልም።

ይሁን እንጂ ይህ ለሁለት መክፈል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ፍሬው ለመጣፈጥ የሚሆን ስንቅ ይዞ ነው ወይስ ሳይዝ የተለቀመው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ጥሬ ሙዝ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ስታርች ሲሆን፣ በሚበስልበት ጊዜ አብዛኛው ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ በእርግጥም ይጣፍጣል። ሜሎን ግን ምንም እንኳ ከተለቀመ በኋላ የሚበስል ቢሆንም የስታርች ክምችት የለውም። ስኳሩን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ የእድገት ቀናት ከቅጠሎቹ በሐረጉ በኩል ነው። ያለጊዜው የተለቀመ ሜሎን ሊለሰልስና ሊሸት ይችላል፤ ሊጣፍጥ ግን አይችልም። አቮካዶ ደግሞ የሁሉም ተቃራኒ ነው፤ ደርሶም ቢሆን ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ነው።

3. የመብሰል መልእክተኛ፦ ኤቲሊን

መብሰልን የሚያስጀምረው ተክሉ ራሱ የሚያመነጨው ኤቲሊን የተባለ ቀለም አልባ ጋዝ ነው። ሰዎች ስሙን ከማወቃቸው ከብዙ ዘመናት በፊት በሥራው ይጠቀሙ ነበር። የጥንት ግብፃውያን የሾላ ፍሬን በስለት እየጫሩ እንዲበስል ያደርጉ እንደነበር ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ጽፏል፤ የቆሰለ ፍሬ ኤቲሊን እንደሚያመነጭ የታወቀው ግን በዘመናችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ በቤተ ሙከራው ያበቀላቸው የአተር ቡቃያዎች ተጣመው ሲያድጉ ምክንያቱን መርምሮ፣ ጥፋተኛው ለመብራት ከሚያገለግለው ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን የሚበስሉ ፍሬዎች ራሳቸው ኤቲሊን እንደሚያመነጩ አረጋገጠ። በክላይማክቴሪክ ፍሬዎች ውስጥ ጥቂት ኤቲሊን ሌላ ብዙ ኤቲሊን እንዲመረት ይቀሰቅሳል። አንድ የበሰለ ፍሬ ሣጥን ሙሉ ጥሬ ፍሬ የሚያበስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚመነጨው መጠን በየፍሬው ይለያያል። ጊሽጣና ፓሽን ፍሩት እጅግ ከፍተኛ መጠን ያመነጫሉ። ፖም፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና መረብ መሰል ልጣጭ ያለው ሜሎን ይከተላሉ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ዘይቱንና ቲማቲም መካከለኛ ናቸው። ሐብሐብ፣ ዱባና ዱባ መሰል አትክልቶች ጥቂት ብቻ ሲያመነጩ፣ ብርቱካን፣ ድንችና ቅጠላ ቅጠል ከሁሉም ያነሱ ናቸው። ጥሬ አቮካዶን ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ወይም በእህልና በዱቄት ውስጥ መቅበር የሚሠራውም ጋዙ እንዳይበተን ስለሚያደርግ ነው። እህሉ ራሱ አያበስልም፤ የፍሬውን ትንፋሽ አግዶ ወደ ፍሬው ይመልሳል እንጂ።

4. ሙዝ፦ ደርሶ ተለቅሞ በመጋዘን የሚበስል

የመድረስንና የመብሰልን መለያየት በጎላ ሁኔታ የሚያሳየው ሙዝ ነው። የአዲስ አበባ ገበያ ሙዙን በብዛት ከሚያገኝባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ የአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ መዲናዋ ያለው ርቀት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ የበሰለ ሙዝ ተጭኖ ቢመጣ ለገበያ አይደርስም። ስለዚህ ሙዙ ደርሶ ግን ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ይቆረጥና ከተማ ከገባ በኋላ በማብሰያ ክፍል ይበስላል።

ከዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር ጠባይ ወሳኝ ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። ሙዝ ደግሞ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ የቅዝቃዜ ጉዳት ይደርስበታል፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ በሚገባም አይበስልም። በባህላዊ ማብሰያ ክፍሎች በነጭ ጋዝ የሚሠራ ምድጃ አቀጣጥሎ በሩን መዝጋት የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። ምድጃው ክፍሉን ያሞቃል፤ በሚገባ ሳይቃጠል የሚወጣው ጭስም ኤቲሊን ይዟል። ነጋዴው የጋዙን ስም ባያውቅም ሙዙ የሚፈልጋቸውን ሁለቱን ነገሮች በአንድ ምድጃ አግኝቷል። ዘዴውን ከመንቀፍ በፊት ይህን መረዳት ይገባል።

ችግሩ ከኤቲሊኑ ጋር አብረው የሚመጡት ነገሮች ናቸው። ያው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል፤ ይህ ሽታ የሌለው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ሊገድል ይችላል። ሙዙን ለማየት በሩን ከፍቶ የሚገባው ሠራተኛ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። በተጨማሪም ጥላሸቱና ሽታው ልጣጩ ላይ ይቀራል፤ ሙቀቱም ከምድጃው አጠገብና ከግድግዳው ጥግ እኩል ስለማይሆን ሙዙ እኩል አይበስልም። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ካቨንዲሽ የሚባለው የሙዝ ወገን ሥጋው እየለሰለሰ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል።

የተሻለው ዘዴ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ክፍሉ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀትና ከ90 እስከ 95 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት እንዲኖረው ይደረጋል። ከዚያም በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ100 እስከ 150 ክፍል የሚሆን ኤቲሊን ለ24 እስከ 48 ሰዓት ይለቀቃል። ሙዙ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥም ክፍሉ በየጊዜው ይናፈሳል፤ የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኤቲሊንን ሥራ ያዘገያል። የሚፈለገው የኤቲሊን መጠን እጅግ ጥቂት መሆኑን ማስታወስ ያሻል። መጠኑን መጨመር መብሰሉን አያፋጥንም፤ ጋዙ በአየር ውስጥ ወደ 3 በመቶ ሲጠጋ ግን በእሳት ሊፈነዳ ይችላል።

ዘመናዊ ክፍል ለመሥራት አቅም የሌለው ነጋዴም ጭስን ሊተው ይችላል። ክፍሉን በኤሌክትሪክ ማሞቅና ጥቂት የበሰሉ ፍሬዎችን በሸራ ከተሸፈነው ጥሬ ሙዝ ጋር ማስቀመጥ አዝጋሚ ቢሆንም ከአደጋ የራቀ ነው። ጭስ የሚጠቀም ከሆነም ሠራተኛው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በርና መስኮት ተከፍቶ በቂ ጊዜ መናፈስ ይኖርበታል። በአንዳንድ አገሮች የሚዘወተረው የካልሲየም ካርባይድ አጠቃቀም ግን በምንም መልኩ አማራጭ መሆን የለበትም። ከካርባይድ የሚወጣው አሲቲሊን ከኤቲሊን እጅግ የደከመ ከመሆኑም በላይ፣ ለኢንዱስትሪ የሚመረተው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ርዝራዥ ይዞ ይገኛል። ሕንድን የመሰሉ አገሮች ለፍራፍሬ ማብሰያነት የከለከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

5. ሐብሐብና ሜሎን፦ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ጠባይ

ሐብሐብ የአፍሪካ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረ መል ጥናት ዛሬ ለምንበላው ጣፋጭ ሐብሐብ የቅርብ ዘመዱ በጎረቤታችን ሱዳን የሚገኘው የኮርዶፋን ሐብሐብ መሆኑን አሳይቷል። ሜሎንም የዚሁ የዱባ ቤተሰብ አባል ነው። በገበያ ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ አያያዛቸውም አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም።

ሐብሐብ ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ ስለማይጨምር ሁሉም ነገር የሚወሰነው በመልቀሚያው ዕለት ነው። አበባው ከተዳቀለ በኋላ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሙቀት ከ30 እስከ 45 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ምልክቶቹም በርካታ ናቸው። ከፍሬው ጭራ አጠገብ ያለው ጠምዛዛ ክር መሰል ቅጥያ ይደርቃል። መሬት የነካው ጎን ከነጭነት ወደ ቢጫነት ይለወጣል። የልጣጩ አብረቅራቂነት ይደበዝዛል። የምት ድምፅም ከቀጭንነት ወደ ጎርናናነት ይሄዳል፤ ሆኖም ይህ ልምድ የሚጠይቅና ብቻውን የማይታመን ምልክት ነው። አስተማማኙ መንገድ ከማሳው ጥቂት ፍሬዎችን ቆርጦ በእጅ በሚያዝ ሬፍራክቶሜትር ስኳሩን መለካት ነው፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ፍሬው መልካም ነው ይባላል።

በአንድ ሐረግ ላይ ያሉ ሐብሐቦች በአንድ ቀን አይደርሱም። ከችግሩ ሥር ያለው የገበያ ሥርዓትም እዚህ ላይ ይታያል። ገዢው መኪና ይዞ ማሳው ድረስ ሲመጣ መኪናውን ሞልቶ መመለስ ይፈልጋል፤ አምራቹም ገዢው ዳግም ላይመጣ ይችላል ብሎ ይሰጋል። በዚህ ምክንያት የደረሰውም ያልደረሰውም በአንድነት ይለቀማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን የተገኘው ጥቅም ገዢዎች ፍሬውን ባለማመናቸው ምክንያት ቀስ በቀስ ይጠፋል። አምራቾች ተደራጅተው በሁለት ወይም በሦስት ዙር ለመልቀም ከገዢ ጋር አስቀድመው ቢዋዋሉ፣ ምንም አዲስ መሣሪያ ሳያስፈልግ የምርቱ ጥራት ይሻሻላል።

ሐብሐብ በሚለቀምበት ጊዜ መጎተት ሳይሆን በቢላዋ መቆረጥ ይኖርበታል፤ ጥቂት ጭራ ከፍሬው ጋር ሲቀር መበስበስ በጭራው በኩል ቶሎ አይገባም። ጎህ ሲቀድ ፍሬው ውኃ ሞልቶ ስለሚወጠር በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ በመሆኑም ጤዛው ደርቆ ጥቂት እስኪላላ መጠበቅ ይመከራል። ከውጭ ጠንካራ ቢመስልም መውደቅና መረገጥ ውስጡን ይጎዳዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ሲቆረጥ ነው። መኪና ላይ ጭድ መጎዝጎዝና ፍሬውን በጎኑ ማስተኛት ይህን ይቀንሳል።

መረብ መሰል ልጣጭ ያለው ሜሎን መድረሱን ራሱ ይናገራል። በሚደርስበት ጊዜ ጭራው ከፍሬው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የመለያያ መስመር ይፈጠራል፤ በአውራ ጣት ቀለል አድርገው ሲገፉት ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ ፍሬው ደርሷል። ጭራው ተቆርጦ እንጂ ለቆ ያልወጣ ሜሎን ስኳሩን ሳይጨርስ የተለቀመ ሊሆን ይችላል። ልሙጥ ልጣጭ ያላቸው እንደ ሃኒዲው ያሉ ዝርያዎች ግን በዚህ መንገድ አይለቁም፤ የእነሱ መድረስ የሚታወቀው የልጣጩ አረንጓዴነት ወደ ነጭነት ወይም ወደ ገረጣ ቢጫነት ሲለወጥ ነው።

ሁለቱን ዘመዳሞች የሚለያቸው ሌላው ነገር ኤቲሊን ነው። ሜሎን ኤቲሊንን በብዛት ያመነጫል፤ ሐብሐብ ደግሞ በኤቲሊን ይጎዳል። ለጥቂት ቀናት ለጋዙ የተጋለጠ ሐብሐብ አይበስልም፤ ሥጋው ይላሽቃል። ስለዚህ ሐብሐብን ከሜሎን፣ ከበሰለ ሙዝ ወይም ከፓፓያ ጋር በአንድ ዝግ መኪና መጫን ወይም በአንድ ክፍል ማሳደር ከፍሬው ዕድሜ ላይ ቀናት መቀነስ ነው።

6. ማከማቸት፦ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሙቀት የለም

ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የፍሬ ትንፈሳ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። በዚህ ስሌት ለግማሽ ቀን በፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቲማቲም በጥላ ሊቆይ ይችል ከነበረው ዕድሜ ብዙውን ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው የማከማቸት ሥራ በማሳው ላይ ጥላ ማበጀት ነው። ሆኖም ማቀዝቀዝም ወሰን አለው። በሞቃት ምድር የተፈጠሩ ፍሬዎች ቅዝቃዜ ሲበዛባቸው ልጣጫቸው ይቆሳስላል፣ መዓዛቸው ይጠፋል፣ ወደ ሙቀት ሲመለሱም ፈጥነው ይበሰብሳሉ።

ሠንጠረዥ 1፦ ለተመረጡ ምርቶች ተስማሚ የሆነ የማከማቻ ሙቀት (በዲግሪ ሴንቲ ግሬድ)

ሙዝ (ጥሬ)፦ 13–14
ቲማቲም (ደርሶ ያልቀላ)፦ 12.5–15
ማንጎ (ደርሶ ያልበሰለ)፦ 13 ገደማ
አቮካዶ (ያልበሰለ)፦ 5–13፣ እንደ ዝርያው
ሐብሐብ (ያልተቆረጠ)፦ 10–15
ሜሎን፣ መረብ መሰል ልጣጭ ያለው፦ 2–5
ሜሎን፣ ሃኒዲውና መሰሎቹ፦ 7–10
ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት፦ 0 ገደማ

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው ሐብሐብ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚቆይበት ሙቀት ለሜሎን ከመጠን በላይ ነው፤ ለሜሎን የሚስማማው ደግሞ ሐብሐብን ይጎዳል። ጥሬ ቲማቲምና ሙዝ በቤት ፍሪጅ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ አቮካዶም እስኪለሰልስ ከፍሪጅ ውጭ ቆይቶ ከለሰለሰ በኋላ ቢገባ ጥቂት ቀናት ይጨመሩለታል። ጎመንና ካሮት ቅዝቃዜን ቢወዱም ኤቲሊንን አይችሉም፤ ጎመን ይቢጣል፣ ካሮት ይመራል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ውኃ ሲተን ሙቀትን ይዞ የመሄድ ባሕርዩ ያገለግላል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት በሠራው ማቀዝቀዣ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስን ሽልማት አግኝቷል። የሕንድ ግብርና ምርምር ተቋም ደግሞ በ1980ዎቹ በተመሳሳይ መርሕ የሚሠራ፣ በድርብ የጡብ ግድግዳ መካከል እርጥብ አሸዋ የያዘ አነስተኛ መጋዘን አዘጋጅቷል። ሸክላ፣ አሸዋና ጡብ በአገራችን በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ዘዴው የሚሠራው ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ስለዚህ በደረቁ የስምጥ ሸለቆና የአዋሽ ቆላማ አካባቢዎች ተስፋ የሚጣልበት ሲሆን፣ በክረምት ወይም በእርጥበታማ ስፍራ ጥቅሙ ይቀንሳል። የሚደርስበት ቅዝቃዜ መጠነኛ መሆኑ ራሱ ለቲማቲም፣ ለማንጎና ለሐብሐብ የሚስማማ ነው።

7. ማዘጋጀት፦ ቢላዋው የሚያልፍበት መስመር

ያልተቆረጠ ሐብሐብ በወፍራም ልጣጩ የተጠበቀ ነው። ሲቆረጥ ግን ሁኔታው በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ሐብሐብና ሜሎን እንደ ሎሚና ብርቱካን አሲድ የበዛባቸው ስላልሆኑ፣ ስኳርና ውኃ የሞላው ሥጋቸው ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። መሬት ላይ ያደገ ፍሬ ልጣጩ ላይ አፈር፣ ፍግና የመስኖ ውኃ ያመጣቸው ሳልሞኔላና ሊስቴሪያን የመሰሉ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቢላዋው ከልጣጩ ወደ ሥጋው ሲያልፍ ይዟቸው ይገባል። የመረብ መሰሉ ሜሎን ሸካራ ልጣጭ ደግሞ ለማጽዳት የበለጠ አዳጋች ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በኮሎራዶ ግዛት ከተመረተ ሜሎን ጋር በተያያዘ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 147 ሰዎች ታመው 33 ሞተዋል። የምርመራው ውጤት ካመለከታቸው ክፍተቶች መካከል በማሸጊያው ቤት ወለል ላይ የተኛ ውኃ፣ ለማጽዳት የማይመቹ መሣሪያዎችና ሜሎኑ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ከመግባቱ በፊት የማሳ ሙቀቱ እንዲበርድለት አለመደረጉ ይገኙበታል። ጥፋቱ የደረሰው በዘር ወይም በእርሻ ጉድለት ሳይሆን በድኅረ ምርት አያያዝ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለቤትም፣ ለጁስ ቤትም፣ በጋሪ ቆርጦ ለሚሸጥም ያው ነው። ፍሬው ከመቆረጡ በፊት ሙሉውን በሚፈስ ንጹሕ ውኃ በብሩሽ እየታሸ መታጠብ አለበት። ሳሙናና በረኪና በፍሬ ላይ ማፍሰስ አይገባም። ፀሐይ ላይ የዋለን ትኩስ ፍሬ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም መልካም አይደለም፤ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ውኃውን ከነጀርሙ በጭራው ጠባሳ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ቢላዋውና መክተፊያው ከሥጋ ጋር ያልተነካኩ መሆን ይኖርባቸዋል። የተቆረጠው ፍሬ ተሸፍኖ ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ፣ ከቅዝቃዜ ውጭ የሚቆይበት ጊዜም ከሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ማቀዝቀዣ የሌለው ሻጭ በአንድ ጊዜ አንድ ሐብሐብ ብቻ ቆርጦ እሱ ሲያልቅ ሌላውን ቢቆርጥ፣ የደንበኞቹን ጤናም የራሱን ገንዘብም ይጠብቃል፤ ያልተቆረጠው ሐብሐብ ለነገም ይሸጣልና።

8. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ አንድ ነጥብ ያመራል። ስለ ማንኛውም ፍሬ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «መቼ ይበስላል?» የሚለው ሳይሆን «ከተለቀመ በኋላ መብሰል ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ አዎን ከሆነ፣ እንደ ሙዝና አቮካዶ፣ ፍሬውን ደርሶ መልቀምና በተስማሚ ሙቀት ማብሰል ይቻላል። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ እንደ ሐብሐብ፣ ትዕግሥቱ መከናወን ያለበት በማሳው ላይ ነው። ሜሎን ከሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ከተለቀመ በኋላ ይለሰልሳል፣ ጣፋጭነቱን ግን ከሐረጉ ይዞ መምጣት አለበት።

በዚህ መሠረት ሦስት አስተያየቶች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የግብርና ልማት ሠራተኞች ለሐብሐብና ለሜሎን አምራቾች የሚሰጡት ምክር የመድረስ ምልክቶችንና በዙር መልቀምን ቢያካትት። ሁለተኛ፣ የሙዝ ማብሰያ ክፍሎች ከጭስ ወደ ቁጥጥር ያለው ኤቲሊን የሚሸጋገሩበት መንገድ ሲታሰብ፣ ነባሩ ዘዴ የሚሰጠውን ሙቀት የሚተካ መፍትሔ አብሮ ቢታሰብ፤ ሙቀቱን ሳይተኩ ጭሱን ብቻ መከልከል ነጋዴውን ወደ ድብቅ አሠራር ይገፋዋል። ሦስተኛ፣ የተቆረጠ ፍሬ ለሚሸጡ ሰዎች የሚሰጠው ሥልጠና ክልከላ ላይ ከማተኮር ይልቅ ውኃ፣ ብሩሽ፣ መሸፈኛና በየአንዳንዱ መቁረጥ ላይ ቢመሠረት።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በገበያው ሰንሰለት ላይ ያለ እያንዳንዱ ሰው፣ ከለቃሚው እስከ ቆራጩ፣ በእጁ ያለው ፍሬ ገና እየተነፈሰ መሆኑንና እንደ ዓይነቱ መያዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።